«ልጄ እንጦጦን አገባችው!»

ባለፉት ሳምንታት በዚህ ዓምድ ስለ አማትና ምራት፣ ስለ ቅናትና ስለ ብድር ስንጨዋወት ከርመናል። ዛሬ ደግሞ ለየት ያለ ደብዳቤ ይዤላችሁ ቀርቤአለሁ። ርእሱን ስታነቡ አንዳንዶቻችሁ ትስቃላችሁ። እኔም መጀመሪያ ሳነበው ስቄአለሁ። ወደ መሀል ስደርስ ግን ሳቄ ጠፋ።

ጸሐፊዋ በየካ ክፍለ ከተማ፣ ኮተቤ አካባቢ የሚኖሩ እናት ናቸው። ስማቸውን እንደ ወትሮው ትተነዋል። ደብዳቤው ረዘም ስለሚል አሳጥሬ አቀርበዋለሁ።

«ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ። ልጄ እንጦጦን አገባችው ብል ይስቁብኝ ይሆናል፤ ግን እውነቴን ነው። ዕድሜዋ አሥራ ስድስት ነው፤ አሥረኛ ክፍል ናት። አባቷ ካረፈ ስድስት ዓመት ሆነው። እኔ እንጀራ ጋግሬ ለሱቆች እያስረከብኩ ነው የማሳድጋት። ከሷ በታች ሁለት ወንድሞች አሏት።

«ካምና ጀምሮ የሰፈር አትሌቲክስ ክለብ ገብታ ትሮጣለች። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ሲል ከአልጋዋ ብድግ ነው! በሳምንት ሦስት ቀን እንጦጦ፣ ሌላውን ቀን እዚሁ የካ ተራራ ሥር። ማታ ደብተሯን እንደያዘች እንቅልፍ ይጥላታል። ውጤቷ ወርዷል። ከስታለች። ይቅርታ ያድርጉልኝና የወር አበባዋ ካየች አራት ወር ሆናት። ደንግጬ ሌላ ነገር ጠርጥሬ ነበር፤ ምላ ተገዝታ ካደች። ጓደኞቿ ‹የጠነከረች ሯጭ እንዲህ ናት› አሏት አሉ።

«አሠልጣኙ ጨዋ ሰው ነው፤ ‹ተሰጥኦ አላት፣ ግን አትቸኩሉ› ይላል። አሁን ደግሞ አንድ ሌላ ሰው መጥቷል። ማናጀር ነኝ፣ ውጭ አገር አስሮጣታለሁ፤ ለፓስፖርትና ለቪዛ ማስጨረሻ ሰማንያ ሺህ ብር አምጡ፤ ዕድሜዋንም ወረቀት ላይ ከፍ እናደርገዋለን አለን። እቁቤ በሚመጣው ወር ይወጣልኛል። ወንድሜ ‹ሩጫ ብሎ ነገር የለም፣ እቤቷ ትቀመጥ!› ብሎ ተቆጣ። እሷ ደግሞ ‹ሩጫውን ከከለከላችሁኝ ትምህርቱንም እተወዋለሁ› ትላለች። እቁቤን ልስጥ ወይስ ልጄን ልከልክላት? ግራ ገብቶኛልና ይምከሩኝ።»

እትዬ፣ በደብዳቤዎ ላይ ሁለት መንገድ ብቻ ነው የሚታየው፤ ወይ እቁብን መስጠት፣ ወይ ልጅን መከልከል። እኔ ሦስተኛ መንገድ አለ ባይ ነኝ። እሱን ከመናገሬ በፊት ግን ይህ የሰፈር ክለብ የሚባለው ነገር ምን እንደሚመስል በዓይኔ ማየት ፈለግሁ። ቅዳሜ በሌሊት ተነሥቼ ወደ እንጦጦ ወጣሁ። መሮጡ ቀርቶብኝ ዳገቱን በእግሬ ስወጣው ትንፋሼ አፌ ላይ ደረሰ! እውነትም ቀልድ አይደለም። የእንጦጦ ጫፍ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። እዚያ ላይ አንድ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚስበው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚስበው በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል። ሰውነት ይህን ጉድለት ለማካካስ ቀይ የደም ሴል ያበዛል። ሯጮቻችን ወደዚያ የሚወጡበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ዐፄ ምኒልክ ከአውስትራሊያ የመጣውን ባሕር ዛፍ ካስተከሉ ወዲህ ተራራው ደን ለብሷል። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ከፊሉ ተከልሎ የእንጦጦ ፓርክ ተብሎ ተከፍቷል። በዚያ ባሕር ዛፍ መሀል አሥራ አምስትና ሃያ የሚሆኑ ወጣቶች በአንድ ሰልፍ እየተጠማዘዙ ሲሮጡ አየሁ። የፊተኛው መንገድ ይመርጣል። ሌላው የፊተኛውን እግር እየተከተለ ይረግጣል። ትንሽ ቆይቶ ፊት ያለው ወደ ኋላ ይቀርና ሌላው ይመራል። ፊት መሆን ይከብዳላ! ማንም ብቻውን እንዲሸከመው አይተዉትም። በዚያው መንገድ ደግሞ የማገዶ ጭነት ያጎበጣቸው እናቶች ቁልቁል ይወርዳሉ። ሯጮቹ መንገድ ለቀው «እንደምን አደራችሁ እማማ» እያሉ ያልፋሉ። ይህን ሳይ የእርስዎ ልጅ ከመጥፎ ሰው ጋር እንዳልዋለች ልቤ ነገረኝ።

ማይክል ክሮሊ የሚባል ብሪታንያዊ አንትሮፖሎጂስት አለ፤ ራሱም ሯጭ ነው። ከዓመት በላይ አዲስ አበባ ተቀምጦ ከሯጮቻችን ጋር በሌሊት እየተነሣ ሲሮጥ ከረመና እ.ኤ.አ. በ2020 መጽሐፍ አሳተመ። ካስገረሙት ነገሮች አንዱ እኛ ብቻውን የሚሮጥን ሰው የምናይበት ዓይን ነው። ብቻውን የሚሮጥ ለጤናው ነው የሚሮጠው፤ ለመለወጥ የፈለገ ግን ከሰው ጋር ይሮጣል ይባላል። እኛ ከዱሮም ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የምንል ሰዎች ነን፤ እሱ ግን አገሩ ሄዶ ለፈረንጆቹ ነገራቸው።

እስቲ አሁን ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። ታሪኩን ካላወቅን ምክሩ ውል አይይዝም።

አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶንን ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው። በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ማለት ነው! የገባበት ሰዓት 2፡15፡16 ነበር። ይህን ሁሉም ያውቃል። ብዙ ሰው የሚረሳው ግን አበበ የክብር ዘበኛ ወታደር እንደነበረ ነው። ደመወዝ ነበረው፤ የሚበላውና የሚተኛበት ነበረው፤ ኦኒ ኒስካነን የሚባል ስዊድናዊ አሠልጣኝ ነበረው። በሜክሲኮ ወርቁን ያመጣው ማሞ ወልዴም የዚያው የክብር ዘበኛ ሰው ነው። እንግዲህ የኢትዮጵያ ሩጫ ከመነሻው መሥሪያ ቤት ውስጥ ያደገ ነገር ነው። ዱሮ ክብር ዘበኛ ነበር፤ ከዚያም መከላከያ መጣ፣ የፖሊሱ ኦሜድላ መጣ፣ ማረሚያ ቤቶች መጣ፣ ንግድ ባንክ፣ መብራት ኃይል፣ ሙገር ሲሚንቶ ተከተሉ። እነዚህ ክለቦች ሯጩን እንደ ሠራተኛ ይቀጥሩታል። ለዚህ ነው የሯጭ ልጅ «ክለብ ገባሁ!» ብላ ስትመጣ እናት እልል የምትለው። ሥራ ያዘች ማለት ነውና።

ይሁንና ወደ እነዚህ ትልልቅ ክለቦች በአንድ ዝላይ የሚገባ የለም። ከታች የሰፈርና የትምህርት ቤት ክለቦች አሉ፤ የታዳጊ ፕሮጀክት የሚባሉትም አሉ። ደመወዝ የላቸውም። ንብረታቸው አንድ ሰዓት፣ አንድ ፊሽካና አንድ ልበ ሰፊ አሠልጣኝ ነው። አሠልጣኙ አብዛኛውን ጊዜ የስፖርት መምህር ነው፤ ካልሆነም በጉዳት ያቆመ ሯጭ ነው። ልጅዎ አሁን ያለችው እዚህ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ነው። ከሱ በላይ ደመወዝ ከፋዩ ክለብ አለ። ከዚያ በላይ ውጭ አገር የሚያስሮጥ የአትሌት ተወካይ፣ ማናጀር የምንለው፣ አለ። ደረጃውን የሚዘልል ሰው መውደቂያው ሩቅ ነው።

አሁን ሒሳብ እንሥራ። ከ800 ሜትር እስከ ማራቶን ያሉትን የኦሎምፒክ የሩጫ ውድድሮች ቁጠሯቸው፤ 800፣ 1,500፣ 3,000 መሰናክል፣ 5,000፣ 10,000 እና ማራቶን። ስድስት ናቸው። አንድ አገር በአንድ ውድድር ከሦስት ሰው በላይ አታስሮጥም። ሦስት ሴት፣ ሦስት ወንድ። ስድስቱን በስድስት ብታበዙት 36 ነው። በአራት ዓመት አንድ ጊዜ፣ ለመላው ኢትዮጵያ፣ ቢበዛ 36 ቦታ! ከእንጦጦ፣ ከየካ፣ ከሰንዳፋ፣ ከሱሉልታ፣ ከበቆጂ፣ ከደብረ ብርሃን የሚነሣው ሁሉ የሚጋፋው ለነዚህ ነው። በርግጥ በየከተማው የጎዳና ላይ ውድድር አለ፤ ከዚያም የሚበላ አለ። ቢሆንም ብዙው ሯጭ ከሩጫ ሀብታም አይሆንም። ይህን ደብቀው «ልጅሽ ነገ ቪላ ትሠራልሻለች» የሚሉ ሰዎች አሉ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!

«ታዲያ ይህን ካልክ ለምን አስቁማት አትለኝም?» ይሉኝ ይሆናል እትዬ። አልልዎትም። ምክንያቱም የሰፈር ክለብ ጥቅሙ በሜዳልያ ብቻ አይለካም። እኔ አንድን የሰፈር ክለብ ስመዝን የማየው ሻምፒዮን የሆነችውን አንዷን ሳይሆን፣ ሻምፒዮን ያልሆኑት ሃያዎቹ የት እንደደረሱ ነው።

በዚያች ቅዳሜ ካነጋገርኳቸው ወጣቶች አንዱ ቀን ቀን ግንበኛ ነው። ሌላዋ ካፌ ትሠራለች። አንዱ በኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ስፖርት ሳይንስ ተምሮ አሠልጣኝ መሆን ይፈልጋል። ጫማ የሚገዙት እቁብ ጥለው ነው፤ የወሩ ባለዕጣ ጫማ ይገዛና አሮጌውን ለታናሹ ያወርሳል። አንዱ ሲታመም ሌሎቹ በሶና ብርቱካን ይዘው ይጠይቁታል። የልጅ ፀባይ ሲበላሽ አሠልጣኙ እቤት ድረስ ይሄዳል። አባት ለሌለው ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የልጅዎ ጓደኞች ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት የሚነሡ ከሆነ ማታ አራት ሰዓት ላይ የት ይገኛሉ? አልጋቸው ውስጥ! መቃሚያ ቤትና የቁማር ቤት ደጃፍ ላይ ከሚገኙት ጋር ያወዳድሩት።

ደግሞም ሩጫው ሰፈሩን ጎትቶ አውጥቷል። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በ1994 ዓ.ም. ሲጀመር 10,000 ሰው ነበር የሮጠው፤ የመጀመሪያውን ውድድር ያሸነፉት ኃይሌ ገብረ ሥላሴና ብርሃኔ አደሬ ነበሩ። ዛሬ የዚያ ብዙ እጥፍ ሕዝብ ይወጣል። ሴቶች ብቻ የሚሮጡበት የ5 ኪሎ ሜትርም አለ። ዱሮ ሴት ልጅ በቁምጣ ስትሮጥ የሚያፏጭባት ይበዛ ነበር። አሁን እናቶች ራሳቸው ቲሸርት ለብሰው ይወጣሉ። ሐኪም «ስኳርዎ ከፍ ብሏልና ተራመዱ» ያላቸው አዛውንት በየካ ዳገት ከወጣቶቹ ኋላ ኋላ ሲሉ አይቻለሁ። በሌላው አገራችን ክፍልም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካን አገር የተቋቋመ፣ በሩጫ ሰበብ ልጃገረዶች ትምህርት ቤት እንዲቆዩና ያለዕድሜያቸው እንዳይዳሩ የሚያግዝ ገርልስ ጋታ ረን የሚባል ድርጅት በሶዶና በበቆጂ ሠርቷል። እዚያ ሩጫው የትምህርቱ አጋዥ ሆነ። በእርስዎ ቤት ደግሞ የትምህርቱ ጠላት የሆነ ይመስላል። ችግሩ ከሩጫው ሳይሆን ከአያያዙ ነው ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ምክሩ እንግባ። አንድ በአንድ ልውሰደው።

አንደኛና ከሁሉ የሚቀድመው ጤናዋ ነው። «የጠነከረች ሯጭ የወር አበባዋ ይቆማል» የሚለው ወሬ ሐሰት ነው፤ አደገኛ ሐሰት! ነገሩ እንዲህ ነው። የምትበላው ከምትሮጠው ሲያንስ ሰውነቷ ቁጠባ ይጀምራል። ለነፍስ የግድ ያልሆነውን ሥራ ያቆማል፤ ከነዚህ አንዱ የወር አበባ ነው። እሱ ሲቆም አጥንት የሚያጠነክረውም ቅመም አብሮ ይቀንሳል። በአሥራ ስድስት ዓመቷ አጥንቷ ገና እየተገነባ ነው። ዛሬ ከሳች፣ ፈጠነች ተብሎ ይጨበጨብላታል፤ ነገ እግሯ አጥንት ላይ ስንጥቅ ይወጣና ሩጫውም ይቀራል። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ውስጥ ጤና ጣቢያ ይውሰዷት። ሦስት ወር ያለፈው ነገር ሐኪም ማየት አለበት። የደም ማነስም ትመርመር። ሐኪሙ የእርግዝና ምርመራ ላድርግ ቢል አይቆጡ፤ የሁሉም ምርመራ ደንብ ነው፤ ልጅዎን ጠረጠራት ማለት አይደለም።

ምግቡ ውድ መሆን የለበትም። ከልምምድ በፊት ትንሽ በሶ፣ ከልምምድ መልስ ወዲያው የሚበላ ነገር፤ እንጀራ በምስር ወይም በሽሮ፣ ጎመን፣ ሲገኝ እንቁላል። ሻይና ቡናውን ከምግቡ ጋር ሳይሆን ቆየት ብላ ትጠጣ፤ የምግቡን ብረት ይሻማልና። ባዶ ሆዷን እንጦጦ ወጥታ ባዶ ሆዷን ትምህርት ቤት የምትቀመጥ ከሆነ ደብተሩ ላይ ባትተኛ ነበር የሚገርመኝ።

ሁለተኛው ትምህርቱ ነው። አሠልጣኙን እቤት ይጥሩት፤ ቡና ያፍሉለት። ጨዋ ሰው ነው ብለዋል፤ ቀና ሰው ከሆነ ይህን ስምምነት አይጠላውም። በትምህርት ቀን ከባድ ልምምድ ከአንድ ቀን አይበልጥ፤ እንጦጦው ቅዳሜ ይሁን፤ በፈተና ሰሞን ልምምዱ ይቅለል፤ ውጤቷ ከተስማማችሁበት በታች ከወረደ አሠልጣኙ ራሱ ያሳርፋት። ከእርስዎ አፍ ሲወጣ «ከለከለችኝ» ትላለች። ከአሠልጣኙ አፍ ሲወጣ ግን ሕግ ይሆናል። የሰፈር ክለብን ለእናት ጠቃሚ የሚያደርገው ይህ ነው።

ሦስተኛው ያ ማናጀር ነኝ ባይ ነው። እትዬ፣ እቁብዎን እንዳይነኩት! አንዲት ሳንቲም አይስጡ! ይህን በትልቅ ፊደል ጻፉልኝ ብዬ አታሚዎቹን ልለምን ምንም አልቀረኝም። እውነተኛ የአትሌት ተወካይ የሚበላው አትሌቱ ካሸነፈው ገንዘብ ላይ በመቶኛ እየቆረጠ ነው። ልጅቱ ካልበላች እሱም አይበላም። ስለዚህ ቀድሞ የሚከፍለው እሱ ነው እንጂ እናት አይደለችም። ሥራውን ሳይጀምር ከእንጀራ ጋጋሪ ሰማንያ ሺህ ብር የሚጠይቅ ሰው ደላላ ነው። እውነተኛ ነኝ ካለ ፈቃዱን ይዞ ከእርስዎና ከአሠልጣኙ ጋር የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ቢሮ ይሂድ። «እንሂድ» ሲሉት ቀጠሮ ካበዛ መልሱን አገኙ ማለት ነው።

«ዕድሜዋን ከፍ እናደርጋለን» ያለውስ? ይህ ደግሞ ከገንዘቡም ይብሳል። ለምን ከፍ ማድረግ እንደፈለገ ልንገርዎ። በዓለም አትሌቲክስ ሕግ 20 ዓመት ያልሞላው ሰው በኦሎምፒክና በዓለም ሻምፒዮና ማራቶን መሮጥ አይፈቀድለትም። ደላላው ግን ጎዳና ላይ ቶሎ አስሩጦ ቶሎ መልቀም ይፈልጋል። ሕጉ የወጣው ያልጠና አጥንት እንዳይሰበር ነው። በሐሰት ወረቀት የተጀመረ ሩጫ ደግሞ ሲነቃ የሚቀጣው ደላላው አይደለም፤ ስሟ ወረቀቱ ላይ ያለው ልጅ ናት። ያው ሰው ወይም ሌላ ሰው «ጉልበት የሚሰጥ ክኒን ነው፣ መርፌ ነው» ብሎ ቢመጣም መልሱ አንድ ነው፤ በር ማሳየት። በ2008 ዓ.ም. የዓለም አትሌቲክስ አስተዳዳሪዎች በአበረታች ቅመም ጉዳይ ኢትዮጵያን ከአምስቱ አሳሳቢ አገሮች መድበዋት እንደነበር አይዘነጋም። ያ ለአገር አንገት የሚያስደፋ ነበር። ለአንዲት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ደግሞ የሕይወት መበላሸት ነው።

አራተኛው ለአጎትየው ነው። ወንድሜ፣ የተቆጣኸው ለእህትህ ልጅ አዝነህ እንደሆነ ይገባኛል። ነገር ግን የምትሮጥን ልጅ እቤት መዝጋት መፍትሔ አይሆንም። ጨለማው ካሳሰበህ መፍትሔው ቀላል ነው። ጅብም ሰውም ብቻዋን የምትሄድን ነው የሚደፍረው። አንተ በሳምንት አንድ ቀን ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነሥና እስከ መገናኛቸው ድረስ ሸኛት። ሌሎቹንም ቀኖች ልጆቹ ተጠባብቀው በቡድን ይሂዱ። አንድ ወር ሸኝተህ አሁንም «ሩጫ ብሎ ነገር የለም» ካልክ ጻፍልኝ። እኔ ግን አንተም ቱታ ትገዛለህ ብዬ እወራረዳለሁ!

አምስተኛው ላንቺ ነው የኔ ልጅ፤ ይህን ጋዜጣ እናትሽ እንደሚያስነብቡሽ ተስፋ አለኝ። «ሩጫ ካልሆነ ትምህርትም አልፈልግም» ማለትሽን ሰምቻለሁ። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል። እስቲ ከታላላቆችሽ ሕይወት ተማሪ። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ ወርቅ ስታመጣ ሃያ ዓመቷ ነበር። በ1993 መስከረም ሲድኒ ላይ ወርቁን የደገመችው እናት ሆና ነው። የኒው ዮርክን ማራቶን ያሸነፈችው ደግሞ በ2002 ዓ.ም.፣ በ37 ዓመቷ! ትዕግሥት አሰፋን እይ። ሪዮ ኦሎምፒክ የሄደችው ለ800 ሜትር ነበር። በ2016 መስከረም በርሊን ላይ ማራቶንን በ2፡11፡53 ገብታ የዚያን ጊዜ የዓለም ክብረ ወሰን ስትሰብር 26 ዓመቷ ነው። ታምራት ቶላን እይ። ለፓሪስ ኦሎምፒክ ተጠባባቂ ነበር፤ ጓደኛው ሲሳይ ለማ ስለተጎዳ ውድድሩ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ተተካ። ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. በ2፡06፡26 የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ ወርቅ አመጣ፤ ዕድሜው 33 ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው! ተጠባባቂ ነኝ ብሎ ልምምዱን አላቆመም፤ ቡድኑንም አልተወም። አንቺ ገና አሥራ ስድስት ነሽ። ማን ነው የሚያስቸኩልሽ? ከደላላው በስተቀር ማንም የለም።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በይ። ያ እንጦጦ ላይ የምትከተይው እግር የጓደኛሽ እግር ነው። እቤትም የሚከተሉሽ ሁለት ትንንሽ እግሮች አሉ፤ ታናናሾችሽ ናቸው። ትምህርትሽን ከተውሽ እነሱም በዚያው መንገድ ይመጣሉ። ፊት መሆን ከባድ ነው ያልኩት ለዚህ ጭምር ነው።

የቀረችው ስድስተኛዋ ምክር ለሁላችሁም የየካ፣ የኮተቤ፣ የፈረንሳይና የቀበና ወላጆች ናት። በየሰፈራችሁ ክለብ ካለ ልጃችሁን ከመስጠታችሁ በፊት አምስት ነገር ጠይቁ። አሠልጣኙ ማን ነው፣ የት ተማረ፣ ወላጅ መጥቶ ልምምዱን እንዲያይ ይፈቅዳል ወይ? ሴት ልጆችን የሚከታተል ሴት ረዳት አለች ወይ? ልጁ ሲጎዳ ያሳርፉታል ወይስ «ቻለው» ይሉታል? ስለ ትምህርቱ ይጠይቃሉ ወይ? በገንዘብ ስም የሚቀበሉት ካለ ደረሰኝ ወይም የጋራ መዝገብ አለው ወይ? ለነዚህ ደግ መልስ ካገኛችሁ ልጃችሁን ስጡ፤ ስጡና ግን አትተኙ። በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ወላጆች ተሰብስባችሁ ለክለቡ የሕክምና መሣሪያ፣ ጥቂት ጫማ፣ አንድ ኩንታል በሶ ብታዋጡ እድር ከምታደርጉት የሚከብድ አይደለም። ለሞተ የሚያዋጣ ሰፈር ለሚሮጥ ልጅ ማዋጣት አያቅተውም።

እትዬ፣ እቁብዎ ሲወጣ ከላዩ ትንሽ ቆንጥረው ለልጅዎ የሚመጥናት ጫማ ይግዙ፤ ለምግቧም መደብ ያድርጉ። የቀረውን ለቤትዎ ያውሉት። መጀመሪያ ግን ጤና ጣቢያ! የሐኪሙን ቃል ሰምተው ይጻፉልኝ፤ አንባቢዎቼም እንደ እኔ በጉጉት ይጠብቃሉ።

በሉ እንግዲህ፣ ለሳምንት ሰው ይበለን።